ሰማያዊው ኤዲተር

1.

…እና የጨቅላው ማሞቂያ አልጋ አልቆመም። መሞቁን ቀጠለ።

ሲስተር ጀሚላ እጇን ከሕፃኑ ጀርባ ስር አስገብታ ባትዳስስ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ይሆን ነበር፤ ምናልባትም ጭራሽ አልጽፈውም ነበር። አረንጓዴው መብራት በርቷል፣ ደወሉ ዝም ብሏል፣ ለሚያየው ሁሉ ነገር ሰላም ነው። እጇ ግን ሌላ ነገር ነገራት። ገመዱን ከግድግዳው ነቅላ ሕፃኑን ታቅፋ ወጣች።

ሕፃኑ ደህና ነው። ይህን ከአሁኑ የምነግራችሁ ልባችሁ ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ ነው። የሚያስጨንቀው ጉዳይ ሌላ ነው።

2.

የሚያስጨንቀው ጉዳይ፦ ኤዲተር መምረጥ።

(አውቃለሁ። ከሕፃን ተነስቶ እዚህ መድረስ ቀልድ ይመስላል። ትንሽ ታገሡኝ።)

ኤዲተር ማለት ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ጎፋ አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ወርክሾፕ ውስጥ ትርሲትና ጋሽ አስናቀ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ለጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ አልጋ ኮድ ይጽፋሉ። ኮዱ በአልጋው ሆድ ውስጥ በተቀበረች፣ መዳፍ በማትሞላ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ይጫናል። ከዚያ በኋላ ቦርዷ ማንንም ሳታማክር ሙቀት ትለካለች፣ ሲበዛ ማሞቂያውን ታጠፋለች፣ ደወል ትደውላለች። ሰዎቹ በትክክል ከጻፉላት ማለት ነው።

3. የሁለቱ ኤዲተሮች ንጽጽር፤ ትርሲት እንዳዘጋጀችው፣ እኔ እንዳሳጠርኩት

ሰማያዊው፦ የጋሽ አስናቀ። ያረጀ። ጀርባው ሰማያዊ፣ ፊደሉ ነጭና ወፍራም። የሚሠራው በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ነው። ኮድ ወደ ቦርድ የሚያስገባው ገመድ ከእሱ ሌላ አያውቅም።

አዲሱ፦ የትርሲት። ስህተት ገና ሲጻፍ ከስሩ በቀይ ያሰምራል። ማን ምን እንደለወጠ ይይዛል። ቀለሙም የፊደሉ መጠንም እንደፈለጉት ይለወጣል። ገመዱን ከእሱ ጋር ለማግባባት ደግሞ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም።

ትርሲት ከሥር አንድ መስመር ጨምራ ነበር፤ ኋላ አጠፋችው። «ጋሽ አስናቀ አይወዱትም» ይል ነበር።

4.

ትርሲት ከዩኒቨርሲቲ ስትወጣ ዲግሪ እንጂ እጅ አልነበራትም። እጅ የሰጧት ጋሽ አስናቀ ናቸው። በገባች ሰሞን አንድ ቦርድ አቃጥላ ጭሱ ሳይጠፋ እንባዋ ሲመጣ፣ ሰውየው አሽትተው «ይሄ ሽታ ካልገባሽ ኢንጂነር አትሆኚም» ብለው ሌላ ቦርድ አቀበሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደደቻቸው። አባቷን በምትወድበት መንገድ ማለት ይቀለኛል፤ ግን ከአባቷ ጋር እንደሱ አትጨቃጨቅም።

ጭቅጭቁ ሁልጊዜ በኤዲተር ነበር። በሁለት ኤዲተር መሥራት አንድ ቀን ጉድ ያፈላል ትላለች። እሳቸው በቀልድ ያልፏታል። እሳቸውና ሰማያዊው አብረው ጡረታ እንደሚወጡ፣ ያኔ እሷ በቀስተ ደመና ቀለም ልትጽፍ እንደምትችል ይነግሯታል። ትስቃለች። ቤቷ ስትገባ ግን «ግትር ሽማግሌ» ትላለች፤ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

5.

ወርክሾፑ ውስጥ አንድ ሥርዓት አለ።

ኮድ ቦርድ ላይ ከመጫኑ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። አንዱ ከራሱ ስክሪን ያነባል፣ ሌላው በራሱ ስክሪን ዓይኑን እያስከተለ ይሄዳል። ሲያልቅ ተራ ይቀያየራሉ። ቅንፍ አይዘለልም፣ ነጠላ ሰረዝ አይዘለልም። ከግድግዳው ማዶ ያሉት ልብስ ሰፊዎች መጀመሪያ ሰሞን ጸሎት መስሏቸው ሬዲዮናቸውን ይቀንሱ ነበር፤ ኋላ ለመዱት።

ሥርዓቱን ያመጡት ጋሽ አስናቀ ናቸው። ሕጉ አጭር ነው፤ ያልተነበበ አይጫንም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ተራ መቀያየሩ ቀርቷል። ትርሲት አንብባ ስትጨርስ ጋሽ አስናቀ ወንበራቸው ላይ ለጠጥ ብለው «አንቺው ድገሚው፤ ድምፅሽ ጥሩ ነው» ይላሉ። እሷም ትደግመዋለች። ደስ ይላት ነበር። አምነዋት መስሏት።

6.

አልጋዎቹን ሲፈትኑ ማሞቂያው በየደቂቃው እየጠፋ እንዳያስቸግራቸው የሙቀቱን ጣሪያ ከፍ አድርገውት ነበር፤ ለሙከራ ብቻ። ሙከራው ሲያልቅ ትርሲት ጣሪያውን ወደ ቦታው መለሰችና ኮዱን ሁለቱም በሚጠቀሙበት ፎልደር ውስጥ አስቀመጠችው። ያኔ በጋሽ አስናቀ ሰማያዊ ስክሪን ላይ የተከፈተው ጣሪያው ከፍ ያለበት የቀድሞው ኮድ ነበር። ችግር አልነበረውም፤ ዘግቶ መክፈት ብቻ ነው።

7.

መብራት ሄደ።



8.

መብራት መጣ።

(በሰባትና በስምንት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ የአገሬ አንባቢ ስለሚያውቀው አልሞላውም።)

የትርሲት ላፕቶፕ በባትሪው ሥራውን ቀጥሎ ነበር። የጋሽ አስናቀ ዴስክቶፕ ግን ጠፍቶ እንደገና ተነሳ፤ ሰማያዊውም አብሮት ተነሳና አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ጋሽ አስናቀ እንደ ልማዳቸው እሺ ለማለት ኢንተር ቁልፉን ተጫኑ። ከዚያ ትርሲት ከራሷ ስክሪን ጮክ ብላ አነበበች። ጣሪያው ትክክለኛው ነው። ጋሽ አስናቀ በራሳቸው ስክሪን ላይ አፍጥጠው «ልክ ነው፣ ልክ ነው» እያሉ ተከተሏት። ደገመችው። «ልክ ነው።»

ገመዱ ተሰካ። ኮዱ ከሰማያዊው ወደ ቦርዱ ገባ።

የተነበበው ሌላ።

የተጫነው ሌላ።

9.

የወርክሾፑ ባለቤት ወይዘሮ ፀዳለ ሕፃኑ ካለበት ሆስፒታል ሲመለሱ ቦርሳቸውን እንኳ አላስቀመጡም። በየቦታው የሄዱት አልጋዎች በሙሉ ተነቅለው እንዲመለሱ አስቀድመው ደውለዋል። አሁን የሚፈልጉት አንድ ገጽ ሪፖርት ነው፤ ከሁለቱ ኤዲተሮች የትኛው ተመረጠ፣ ወደ እሱ ምን ይዛወራል፣ የተፈጠረውስ በምን ምክንያት ተፈጠረ። የምትጽፈው ትርሲት ናት።

ከመውጣታቸው በፊት በሩን ይዘው ለእሷ ብቻ ነገሯት። «የፕሮግራም ጥፋት ከሆነ ፕሮግራሙን እንቀይራለን። የሰው ጥፋት ከሆነ ግን ያ ሰው ከእንግዲህ ቦርድ አይነካም። እኔ እናት ነኝ፣ ትርሲት።»

ትርሲት እውነቱን ለመናገር እፎይ አለች። ጥፋቱ የሰማያዊው ነው፤ ስንት ጊዜ ተናግራ ነበር። በሙከራ አረጋግጣ መጻፍ ብቻ ነው የቀራት።

10. ግልባጭ (ሙከራውን ለሪፖርቱ ብላ በስልኳ እየቀዳች ነበር)

ትርሲት፦ ጋሼ፣ መብራት የሄደ አስመስዬ ሶኬቱን ልነቅለው ነው።

ጋሽ አስናቀ፦ ንቀይው።

(ዴስክቶፑ እንደገና ሲነሳ የማራገቢያው ድምፅ።)

ትርሲት፦ ተነሳ። አንድ ነገር እየጠየቀ ነው። እኔ ልጻፍ፣ እርስዎ ያንብቡልኝ እስቲ። ምን ይላል?

ጋሽ አስናቀ፦ የተለመደው ነዋ።

ትርሲት፦ ቃል በቃል ነው የምፈልገው።

(ወንበር ወደ ዴስክቶፑ ሲጎተት ይሰማል።)

ጋሽ አስናቀ፦ ፋይሉ ተቀምጧል፣ ልቀጥል ወይ ነው የሚለው።

(የብዕር ድምፅ ይጀምርና ያቋርጣል።)

ትርሲት፦ እሺ።

ጋሽ አስናቀ፦ ጻፍሽው?

ትርሲት፦ ጻፍኩት።

(ቅጂው እዚህ ላይ ያበቃል።)

11.

ስክሪኑ ላይ፣ ከወፍራሞቹ ነጭ ፊደላት መሀል፣ በትንንሽ ግራጫ ፊደል ተጽፎ የነበረው፦

ያልተቀመጠ የቆየ ቅጂ ተገኝቷል። በአዲሱ ላይ ልተካው?

12.

ጋሽ አስናቀ ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳውን በእጃቸው መዳበሳቸው። መልእክት ሲገባላቸው ስልኩን አቀብለዋት «መነጽሬን ረስቼ ነው» ማለታቸው። ብሎኖችን በዓይን ሳይሆን በጣት መለየታቸው፤ እሷ ይህን የሥራ ብዛት ያመጣው ጥበብ ነው ብላ ታደንቀው ነበር። «ድምፅሽ ጥሩ ነው።»

ትርሲት ሽንት ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። በመጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። «ያየሽውን ብቻ ልክ ነው በዪ» ብለው ያስተማሯት ሰው ያላዩትን «ልክ ነው» ሲሉ ከርመዋል። በሲስተር ጀሚላ እጅ የተረፈው ሕፃን ታሰባት። ከዚያ ንዴቱ ሳይወጣላት አለቀሰች። ጋሽ አስናቀ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጠዋት ተነስተው የሚሄዱበት ይህች ወርክሾፕ ብቻ ናት። ሥራውን ቢወስዱባቸው የሚቀረው ሰው ማን እንደሆነ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስላትም።

ይበልጥ ያንገበገባት ግን የራሷ ንጽጽር ነው። በአዲሱ ኤዲተር የፊደሉ መጠን እንደፈለጉት ይለወጣል ብላ ጽፋለች። አንዱን ፊደል ድፎ ዳቦ ማሳከል ይቻላል። አንድ ቀን «አጉዪልኝ» ቢሏት ይበቃ ነበር። እንዲህ ማለት ደግሞ «አላይም» ማለት ነው። ስለዚህ አላሉም።

13. መመሪያ

አሁን እናንተ የትርሲት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሪፖርቱን ክፈቱ። ከሦስቱ መስመሮች ሁለቱ ቀላል ናቸው፤ ሙሏቸው።

ሦስተኛው ጋ ስትደርሱ «ኤዲተሩ» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ውሸት አይደለም፤ የቆየውን ቅጂ ያመጣው እሱ ነው። ጋሽ አስናቀ ነገም ይመጣሉ። ነገም «ልክ ነው» ይላሉ። አልጋው ላይ የሚተኛው ሕፃን የማን እንደሆነ አታውቁም።

ወይም ያያችሁትን መጻፍ ትችላላችሁ።

ወረቀቱን ማንም አይቶ አያርመውም። ብቸኛው አንባቢያችሁ ወይዘሮ ፀዳለ ናቸው።

ይህን ስጽፍ ተሳስቻለሁ። ሥርዓቱን ረስቼው ነው።

14.

ያልተነበበ አይወጣም፤ ሪፖርትም ቢሆን።

ጋሽ አስናቀ ወንበራቸውን ጎትተው ከጎኗ ተቀመጡ። ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናዎቹ ይንጫጫሉ። ትርሲት ሪፖርቱን የጻፈችው በአዲሱ ኤዲተር ነው፤ በትንንሽ ፊደል፣ በጥቁር ስክሪን ላይ። ሰውየው ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ መስኮቱ እያዩ «አንብቢው» አሏት።

አነበበች።

«የተመረጠው ኤዲተር፦ አዲሱ።»

«ወደ እሱ የሚዛወረው፦ በሰማያዊው የተጻፈው ኮድ ሁሉ።»

«የችግሩ ምክንያት፦ አሮጌው ኤዲተር መብራት ከሄደ በኋላ የቆየውን ቅጂ መለሰ። የሰው ጥፋት የለበትም።»

እንዲህ ብላ ነው ያነበበችው። እንዲህ ተጽፎ እንደሆነ አልነገርኳችሁም።

15.

ጋሽ አስናቀ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። ትርሲት «አንቺው ድገሚው» እስኪሏት ትጠብቃለች። ለመድገም ተዘጋጅታለች፤ ቃሉን ሳትስት በዚያው ድምፅ ልትደግመው ትችላለች።

«ሙከራውን ስንሠራ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ያነበብኩልሽን ነው የጻፍሽው?»

ትርሲት ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«አየሽ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም አልጠየቅሽኝም። አንቺ ደግሞ የማትጠይቂው ነገር የለም።»

«ጋሼ—»

«ቆይ። ሕጉን እኔ ነኝ ያፈረስኩት።» እጃቸው ጠረጴዛውን ዳብሶ የላፕቶፑን ጠርዝ አገኘ። ወደ ራሳቸው ጎተቱት። «አንደኛው ያነባል፣ ከዚያ ሌላው ያነባል። አሁን ተራው የእኔ ነው።»

ትርሲት ላፕቶፑን አልለቀቀችም። በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላው እሳቸው ይዘውታል።

«ፊደሉን አጉልተሽ አምጪልኝ፣ ልጄ።»

«ምን ያህል?»

«እኔ እስካይ ድረስ።»

16.

ሁለት ቁልፍ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን ደጋግሞ መጫን።

ተጫነች። ፊደሉ አደገ። ተጫነች። ጽሑፉ ከስክሪኑ እየተረፈ ወደ ታች ወረደ፤ የሚታየው አንድ መስመር ብቻ ሆነ። ጋሽ አስናቀ ፊታቸውን አስጠጉ። ጣታቸውን ከመጀመሪያው ፊደል ስር አስቀመጡና ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ ቀስ ብለው ጀመሩ። የተመረጠው። ኤዲተር። አዲሱ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጣዩን አነበቡ፤ አሁንም ነቀነቁ።

ልብስ ሰፊዎቹ ሬዲዮናቸውን ቀነሱ።

ጣታቸው ወደ ሦስተኛው መስመር ወረደ። ትርሲት ዓይኗን ከድናለች።

17.

«የ ች ግ ሩ


ም ክ ን ያ ት ፦