ለአሰግድ የቀባነው ክፍል

እኔ ለምለም አፌ አያርፍም። ሮም ያለ ሐበሻ ሁሉ «ለለምለም ከነገርክ ለቪያ ቮልቱርኖ ነገርክ» እያለ ይስቅብኛል፤ ቪያ ቮልቱርኖ ሐበሻ የሚሰበሰብበት መንገድ ነው። እውነታቸውን ነው፣ አልቀየምም። ይሄ አፌ በዕድሜዬ አንዴ ብቻ ምስጢር ጠበቀ፤ እሱንም መናገር በነበረበት ጊዜ።

ነገሩ የሆነው በሰባ ዓመተ ምሕረት ነው። እትዬ ካሳነሽ አዲስ አበባ የሲኞራ ሎሬዳና ወጥ ቤት ነበሩ። ደርግ የሰው ቤት ሲወርስ ሲኞራ ጓዟን ጠቅልላ ሮም ገባች፤ እሳቸውንም ይዛ መጣች። አንድ ልጃቸው አሰግድ ትምህርቱን ይጨርስ ተብሎ አክስቱ ዘንድ ቀረ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ቀበሌ አሰረው፣ ከሦስት ወር በኋላ ለቀቀው። ሲፈታ ለእናቱ የጻፈውን ደብዳቤ እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። «እማዬ፣ የታሰርንበት ክፍል መስኮት የለውም ነበር። አሁን ፀሐይ ላይ ስቀመጥ ዓይኔ ያለቅሳል» ይላል።

እትዬ ካሳነሽ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበራቸውም። ሲኞራን ወጥረው ያዟት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል? ኢንቪቶውን፣ የጥሪ ደብዳቤውን አጻፉ፣ ፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ኩዌስቱራ ተመላለሱ፤ ማኅተም የቀራቸው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ሲኞራም ልጁ ሲመጣ አብረው የሚኖሩበት ብላ ስቱዲዮ የሚሉትን የሟች አባቷን የሥራ ክፍል ለቀቀችላቸው። አባትየው ጠበቃ ነበር። የክፍሉ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በእንጨት የተለበጠ፣ ሠላሳ ዓመት ሲጋራ ያጠቆረው ነው። ቀትር ላይ እንኳ መብራት ካላበሩ መርፌ ውስጥ ክር አይገባም።

እኔ ያኔ በሰዓት ነበር የምሠራው። ሐሙስ ጠዋት የዓለም የእርሻ ድርጅት ፋኦ የሚሠሩት የአቶ ጎበና ቤት እተኩሳለሁ። ሚያዝያ መግቢያ ላይ፣ አቶ ጎበና ከአዲስ አበባ በተመለሱ ማግስት፣ ሸሚዛቸውን ስተኩስ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ለምለም፣ ካውያውን አስቀምጪው» አሉኝ።

አስቀመጥኩ።

«የካሳነሽ ልጅ የለም። መጋቢት ሃያ ከአክስቱ ቤት ወሰዱት፤ ሲነጋ መንገድ ላይ ተገኘ።»

አለቀስኩ፣ እሳቸውም አለቀሱ። ከዚያ «ማን ይንገራቸው?» አልኩ።

«ገብረእግዚአብሔር እስኪመጣ ማንም አይነግራቸውም።» ገብረእግዚአብሔር የእትዬ ካሳነሽ ታናሽ ወንድም ነው፤ በጭነት መርከብ ላይ ምግብ ያበስላል። «ጄኖቫ የሚገባው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። የሥጋ ዘመድ በሌለበት መርዶ ይነገራል እንዴ? ማን ይይዛቸዋል? ደግሞ ፋሲካ ደርሷል፣ በዓሉን ይዋሉ። እስከዚያ አንቺ አጫውቻቸው።»

ወጉ ነው፤ እኔም ወጉን አውቃለሁ። እሺ አልኩ። ማጫወትማ ማን ብሎኝ!

በሮም የቤት ሠራተኛ የምታርፈው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። እኔም ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እትዬ ካሳነሽ ዘንድ እሄዳለሁ። ያን ቀን ብቀር ይጠረጥራሉ ብዬ ሄድኩ። ገና ስገባ ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ አገኘኋቸው።

«ጎበና ገብቷል አሉ። ልጄን አይቶት እንደሆነ ልጠይቀው ልሄድ ነው። ደብዳቤው ቆየብኝ፣ ሆዴን ባር ባር ብሎታል።»

ጉድ ፈላ! አቶ ጎበና ፊታቸው አይዋሽም፤ ካዩዋቸው አለቀ። ምን ልበል? ቦርሳዬ ውስጥ የማጸዳላት አሜሪካዊት የሰጠችኝ መጽሔት ነበር። መዘዝ አድርጌ አወጣሁት።

«መጠየቁስ ይደርሳል፣ አቶ ጎበና ደክሟቸው ተኝተዋል። አሰግድ ደህና ነው ብለውኛል» አልኩ። «ይልቅ ይሄ ክፍል ምንድነው? ልጁ ከጨለማ ወጥቶ ጨለማ ሊገባ ነው እንዴ? ሳይመጣ እናብራለት እንጂ!»

ይህን ያለው የኔ አፍ ነው። ማንም አላዘዘኝም። አቶ ጎበና አጫውቻቸው አሉኝ እንጂ ደህና ነው በያቸው አላሉኝም።

እትዬ ካሳነሽ ነጠላቸውን አስቀምጠው መጽሔቱን ተቀበሉኝ። የገለጥኩላቸው ፎቶ በአሜሪካ ምዕራብ በኩል ያለ የበረሃ አገር ቤት ነው። ግድግዳው የተጠበሰ ሸክላ ይመስላል፤ የበሩ ዙሪያ ሰማያዊም አረንጓዴም ነው። ባለ ቀይና ባለ ጥቁር መስመር ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ጥጉ ላይ እንስራ የመሰለ ማሰሮ ቆሟል።

«አሜሪካኖች ጭቃ ቤት ይኖራሉ?» አሉ። «ይሄማ የእናቴ ቤት ነው! እኛ ከዚህ ሸሽተን ወጣን፣ እነሱ ገንዘብ ከፍለው ይገቡበታል!»

ሳቁ። ወደ አቶ ጎበና መሄዱንም ረሱት። እኔም ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ።

ሲኞራ እንጨቱን ምስጥ በልቶታል፣ እንደፈለጋችሁ ብላ ፈቀደች። ከዚያ ሐሙስና እሑድ ሥራችን ይኸው ሆነ። ከቪቶሪዮ ቀለም ቤት የሸክላ መልክ ያለው ቀለም ገዛን። ቪቶሪዮ መጀመሪያ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፣ ስቱኮ ምቱት፣ ነጭ ቀለም አልብሱት ብሎ ነበር። እትዬ ካሳነሽ «ዕቃ ሊሸጥልን ነው» ብለው እንቢ አሉ። በቀጥታ ቀባነው። በሦስተኛው ቀን የሲጋራው ቡኒ በቀለሙ ውስጥ ወጥቶ ግድግዳው ኩፍኝ የያዘው ልጅ መሰለ። ቪቶሪዮ መጥቶ አየና «አሎራ? አልነገርኳችሁም?» አለ።

ሁሉንም ፍቀን እንደገና ጀመርን። ሁለት ሳምንት ወሰደብን። እኔ እሳቸውን የማቆይበት ቀን ስለተገኘ እፎይ አልኩ። እፎይ በማለቴ ደግሞ ራሴን ጠላሁት።

አንድ ሐሙስ ከፖርታ ፖርቴዜ ገበያ የገዛነውን ባለ መስመር ብርድ ልብስ ልንሰቅል ሆነ። እትዬ ካሳነሽ ግድግዳው አጠገብ አቆሙኝና እጃቸውን ከራሴ በላይ ዘረጉ።

«ስለየው ትከሻዬ ጋ ነበር። የአባቱ ዘር ረጅም ነው፤ አሁን ካንቺ ይበልጣል አይደል? አልጋው ላይ ሲቀመጥ ራሱን እንዳይነካው ከፍ እናድርገው።»

«ይበልጠኛል» አልኩ። ሚስማሩን እዚያ መታሁት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ። ስወጣ «ምነው ዓይንሽ?» አሉኝ፤ ቀለሙ ነው አልኳቸው።

ፋሲካ አለፈ። ዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ፣ የበሩን ዙሪያ ልንቀባ ተቀጣጠርን። ያ ቀን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከመጋቢት ሃያ ጀምሬ በጣቴ ቆጥሬዋለሁ፤ የአሰግድ አርባ ነው። ጠዋት ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ሻማ አበራሁ፤ ስሙንም ጠራሁ። እናቱ የማያውቁትን የልጃቸውን አርባ እኔ በሻማ ሸኘሁና ቡሩሽ ልይዝ ሄድኩ።

እትዬ ካሳነሽ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም። ወረቀቱ ማኅተም አግኝቷል። ሰማያዊውን ቀለም እየቀቡ የሰርግ ዘፈን ጀመሩ፤ ለካ ድምፃቸው እንዴት ያምራል።

«ተቀበዪኝ እንጂ ለምለም! ምን ነካሽ? አንቺ ዝም ስትዪ ያስፈራል!»

«እትዬ...» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ልናገር ነበር። ከንፈሬ ላይ ነበር።

«ወዬ?»

በፊታቸው ሁሉ ቀለም ተረጭቶ ይስቃሉ።

«ቀለሙ ቀጠነ» አልኩ።

«ኤዲያ፣ ምንም አልቀጠነ! ተቀበዪኝ!»

ተቀበልኳቸው። አጨበጨብኩም። እግዜር ይየው፣ አጨበጨብኩ።

ገብረእግዚአብሔር ግንቦት ዐሥራ ዘጠኝ ጄኖቫ ገባ፣ በማግስቱ እሑድ ሊነጋጋ ሲል እሱ፣ አቶ ጎበና፣ እኔና ሦስት ሴቶች ጥቁር ለብሰን ደጃፋቸው ደረስን። አቶ ጎበና እንዴት እንደሚጀምሩ ከገብረእግዚአብሔር ጋር ይነጋገራሉ። በር አላንኳኳንም። የብዙ ሰው ኮቴ ሰምተው ራሳቸው ከፈቱት።

ወንድማቸውን ሲያዩ «ደረሰ!» ብለው ጮኹ። «ገብሬ፣ አንተ ነህ ያመጣኸው? በመርከብ ነው የመጣው?»

በትከሻችን ላይ አሻግረው ኮሪደሩን ያዩ ጀመር። አንድ በአንድ እየገፉን ከኋላችን ፈለጉት።

«የታለ? የት አስቀመጣችሁት? ልጄ የታለ?»

ያኔ ልብሳችንን አዩ።

እንዴት እንደጮኹ አልናገርም። ወንድማቸው ባይይዛቸው ራሳቸውን በመሬት ይፈጠፍጡት ነበር። ሲነጋ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ክፍሉ ወለል ብሎ በራ። ያ የደከምንበት ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ ፊታችን ላይ ይረጨዋል። ሌሎቹ ሴቶች ሳያውቁ «እንዴት ያለ ቤት አሳመረችለት!» እያሉ ያለቅሳሉ። ለቅሶ ቤት እንኳ ጨለም ያለ ጥግ ይኖረዋል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ፊቴን የማዞርበት አጣሁ።

ረፋዱ ላይ ድምፃቸው ተዘጋ። ተቀመጡና «መቼ ነው?» አሉ።

«መጋቢት ሃያ» አሉ አቶ ጎበና።

እትዬ ካሳነሽ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ምን እንደሚቆጥሩ ገባኝ፤ እኔ ቆጥሬው የለ! የት ላይ እንደሚያቆሙም አውቃለሁ።

«ባለ እግዜር ነዋ አርባው» አሉ። «ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ። ዳግማይ ትንሣኤ።» ቀና ብለው የበሩን ዙሪያ አዩ። «ዘፈንኩ እኮ።»

አቶ ጎበና «ካሳነሽ፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። እትዬ ካሳነሽ ዞረውም አላዩዋቸው።

«እትዬ፣ አላወቁም እኮ» አልኩ። «ስላላወቁ ነው። እግዜርም ያውቃል።»

«አንቺስ አታውቂም ነበር?»

ቤቱ ሙሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«አውቅ ነበር» አልኩ።

እትዬ ካሳነሽ አልተቆጡኝም። ቢሰድቡኝ፣ ፀጉሬን ቢይዙኝ ምን ነበረበት! ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው ነው የተናገሩት።

«አልገነዝኩት፣ አልቀበርኩት። ለልጄ የማደርግለት አርባውን ማስፈታት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ እሱን ደግሞ አንቺ ወሰድሽብኝ» አሉኝ።