የተዘጋው አካውንት

ሀዊ ፎቶውን ስክሪንሹት አድርጋ የክፍላቸውን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች።

ፎቶው ላይ የክፍል ጓደኛዋ ሃሌሉያ ሻሽ ጠምጥማ፣ ኮንጋ በምትባል የገጠር ቀበሌ ባለ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ከእናቷ ጎን ቆማ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ከተሰጣው ቡና የተበላሸውን ትለቅማለች። የለጠፈችው ለሚቀርቧት ልጆች ብቻ በከፈተችው የተዘጋ አካውንት ነው። ቲክቶክ ላይ የምትታየው ሃሌሉያ ግን ሌላ ናት፤ ዲላ ተወልዳ ያደገች፣ ጭቃ ረግጣ የማታውቅ የከተማ ልጅ።

ሀዊን ያንገበገባት ትናንት የተለቀቀው ቪዲዮ ነው። ሃሌሉያ የለበሰችው ጃኬት የሀዊ ነው። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆማ የቀረጸቻትም ሀዊ ናት። አድናቆቱ ግን ሁሉ ለሃሌሉያ ሆነ። ሀዊ ስንት ፎቶ ስትለጥፍ ዞር ብሎ ያላያት የክፍላቸው ልጅ እዮብ እንኳ «ንግሥት» ብሎ ጽፎላታል። ያችን ቃል ካየች ወዲህ ሀዊ ምግብ አልወረደላትም።

«ንግሥቲቱን እዩልኝ» ብላ ከፎቶው ሥር ጻፈች፤ ገና አልላከችውም።

«ሀዊዬ!» ሃሌሉያ ከኋላዋ መጥታ አንገቷን አቀፈቻት። ሀዊ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ምን ትደብቂያለሽ? ጃኬትሽን አምጥቻለሁ። እማዬ ናት ያጠበችው። ‹ልጄን የምታሳምር ጓደኛ ጌታ ይባርካት› ብላሻለች።» ሃሌሉያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የኮንጋውን ፎቶ አየሽው? እማዬ አምሮባታል አይደል? ለሁሉም ባሳየው ደስ ባለኝ። ግን ይሥቁብኛል።»

«እኔስ ብሥቅብሽ?»

«አንቺማ አትሥቂም።»

ሀዊ አፈረች፤ ቅናቱ ግን አልበረደላትም። እንዲህ መታመኗ እንኳ አናደዳት። ዞር ብላ የጻፈችውን አጠፋች፤ ፎቶውንም ሰረዘችው። ነገ ሌላ ፎቶ ይለጠፋል፤ እዮብም ሌላ ቃል ይጽፋል። ያን ጊዜ ጣቷን የሚይዝላት ማን ነው?

«ሃሌ፣ ከዚያኛው አካውንትሽ አስወጪኝ።»

«ምን? ምን አደረግሁሽ?»

«አንቺ ምንም አላደረግሽም። እኔን ግን እንዳታምኚኝ።»

ሃሌሉያ ስልኳን አውጥታ፣ ሀዊ የምትቀልድ መስሏት ፊቷን አየቻት። ሀዊ ስልኩን ከእጇ ተቀበለቻት፤ የራሷን ስም ከተከታዮቹ ዝርዝር ፈልጋ አስወጣችና ስልኩን መለሰችላት።