የሚረዝመው ማሳ

ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ የሌላው ገበሬ መሬት በየክረምቱ በጎርፍ ሲሸረሸር የገበሬው የትዕዛዙ ማሳ ብቻ ይጨምራል። ከቤቱ በላይ አለት ላይ ከቆመው ጽድ እስከ ታችኛው የወሰን ድንጋይ መቶ ሃያ ክንድ ነው፤ አባቶች በገመድ ለክተው የተስማሙበት። ሐምሌ ላይ በድብቅ ቢለካው መቶ ሃያ አራት ሆነ። ድንጋዩን ንክች አላደረገውም።

«እግዜር ከሰጠኝ እኔ ምን ላድርግ?» አለና ገመዱን ጠቅልሎ አስቀመጠ።

ምክንያቱን ግን አላጣውም። በጽዱና በቤቱ መካከል መሬቱ ተሰንጥቆ ወደ ታች እየሸሸ ነው። መጀመሪያ ጣት ያስገባ ነበር፤ አሁን በግ ቢገባበት ድምፁ ብቻ ነው የሚቀረው። ትዕዛዙ እንጨት ረበረበበትና ገለባ ነሰነሰበት። አምና ከማዶ ሰፈር ስንጥቃቸውን ለባለሙያ ያሳዩ ሰዎች «ለጊዜው» ተብለው ተነሥተው፣ ይኸው እስከ ዛሬ ድንኳን ውስጥ ናቸው። እሱ በለጊዜው መኖር አልፈለገም።

«በሩ ዛሬም ወለሉን እየፋቀ ነው» ትለዋለች ሚስቱ ጥሩሸዋ።

«እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው» ይላታል። ሦስት ጊዜ በመጥረቢያ ጠረበው። የመጨረሻው ዛሬ ጠዋት ነበር።

ረፋዱ ላይ የታችኛው ጎረቤቱ ኪዳነ ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ።

«አንተ ትዕዛዙ! ድንጋዩ እግር አወጣ እንዴ? መሬቴ እኮ መቀነት አከለች!»

«ከነካሁት እጄን ይቁረጠው!»

እውነቱን ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን እውነት ቢናገር ከስርቆት ሐሜት ይነጻል፣ ቤቱን ግን ለቅቆ ይወጣል። ስለዚህ በዚያው በመሐላው ቆመ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ አትናቴዎስ ይለካ አሉ። ትዕዛዙ ማንም ወደ ጽዱ እንዳይወጣ ሮጦ የገመዱን አንድ ጫፍ ራሱ አሰረ። ሌላውን ጫፍ ኪዳነ የወሰኑ ድንጋይ ላይ ቋጠረው። ድንጋዩ ዙሪያ ያለው አፈር እንደ እርጉዝ ሆድ ተወጥሮ ነበር። ገመዱ በየክንዱ ምልክት ስላለው ሽማግሌዎቹ ታች ድንጋዩ ጋ ቆመው አነበቡት።

«መቶ ሃያ ስድስት» አሉ አባ።

«ይኸው! ሌባ!» ኪዳነ ዱላውን አነሣ፤ ሽማግሌዎቹ ያዙት። ጭቅጭቁ እየጋለ ሳለ ገብሱ ላይ ተኝቶ የነበረው ገመድ ቀስ ብሎ ብድግ አለ። ጠል እያንጠባጠበ ተወጠረ።

«ማነው የሚጎትተው?» አሉ አባ።

ሁሉም ባዶ እጁን አሳየ።

«ልጄ ትዕዛዙ፣ ከቤትህ በላይ ምን አለ?»

«ገ... ገለባ ነው አባቴ።»

ያን ጊዜ ከቤት ውስጥ ጥሩሸዋ ጮኸች። «ትዕዛዙ! በሩ አልከፈት አለኝ!»

ሽቅብ ሮጠ። ቀድሞት የደረሰው ግን ኪዳነ ነበር፤ በትከሻው ቢገፋው በሩ ንቅንቅ አላለም። ጣሪያው እንደ ጎበጠ ሰው ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል።

«መጥረቢያው የታለ? አንተ! መጥረቢያው!»

ትዕዛዙ በሩን በቡጢ ደበደበ። ጠዋት ጠርቦ ሲጨርስ ያስቀመጠው ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ ነበር።

«ጥሩዬ! ከኋላው አለልሽ! ምቺው!»

ከውስጥ አንድ ጊዜ ተመታ። ደግሞ አንድ ጊዜ። ከላይ፣ ከጽዱ በኩል፣ ገመዱ ጧ ብሎ ተበጠሰ።