የአማትየው አፍንጫ

የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለቃ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራችው በአፍንጫዋ ነው። ጀሪካኑን ትከፍታለች፣ አንዴ ታሸታለች፣ "በረኪና" ወይም "ሳሙና" ትላለች፤ አለቀ። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም፤ ይህንንም ለሰው ሁሉ የምትናገረው ራሷ ናት።

ምራቷ እዚያው ከተቀጠረች ስድስት ወሯ ነው። እሷ ደግሞ ጀሪካን ከማንሳቷ በፊት አዙራ አዙራ በቀይ የተከበቡትን የአደጋ ምልክት ሥዕሎች ካላየች አታርፍም። አማትየው "ፕሮፌሰር" ብላ ስም አወጣችላት። "እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ እንጂ ሥዕል ተመልካች አይደለሁም!" እያለች ክፍሉን ታስቃለች። እውነቱ ግን ዓይኗ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ግን ለገዛ ልጇ እንኳ አልተነፈሰችም።

ሐሙስ ጠዋት ጉንፋን ይዟት ገባች። በዚያው ቀን አቅራቢው ሳሙናውንም የዝገት ማስለቀቂያውን አሲድም በአንድ ዓይነት ነጭ ጀሪካን ልኮ ነበር። አማትየው ባልዲው ውስጥ በረኪና ቀድታ ሳሙና ልትጨምር ዞረች። አንዱን ከፍታ አሸተተች፤ ምንም። ሌላውንም አሸተተች፤ አፍንጫዋ ድፍን ብሏል። ሥዕሉን ወደ ዓይኗ ብታስጠጋው ቀይ ብዥታ ብቻ ሆነባት።

"ሳሙና ሁልጊዜ በግራ ነው የሚቀመጠው" አለች በልቧ፤ የግራውን አነሳች። ከባልዲው ማዶ ምራቷ የሰባት ወር ሆዷን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር አንሶላ ታጥፋለች። አማትየው ለዚያ ሆድ ትሞትለታለች፤ ትንሽ ኮፍያ ሠርታ ትራሷ ሥር ደብቃለታለች።

ጀሪካኑን ባልዲው አፍ ላይ ይዛ ቆመች። ብትጠይቅ መሳቂያ መሆኗ ነው። ባትጠይቅስ?

"ነይ እስቲ…" አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ። "ነይና እይልኝ። አይታየኝም።"

የሚያጥፉት እጆች ሁሉ ቆሙ። ምራቷ መጥታ ጎንበስ ብላ አየች፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

"እማማ፣ እጅ ላይ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ የሚያሳይ ሥዕል አለው። እጅም ብረትም ይበላል ማለት ነው። አሲዱ ነው ይሄ! በረኪና ላይ ቢፈስ ኖሮ መርዝ ነበር የምንተነፍሰው። በሞቴ፣ ቀስ ብለው ያስቀምጡት።"

አስቀመጠችው። ክዳኑን ሦስት ጊዜ አጠበቀችው፤ አሁንም አልበቃትም። አንዷ "ፕሮፌሰራችን ትኑርልን!" ብላ ቀለደች፤ አማትየው አልሳቀችም። የምራቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

"ኩራቴ ሁለታችሁን ሊያሳጣኝ ነበር" አለች፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት እያለቀሰች።