ከማንሳ ጎን ያለው ባዶ ቦታ

አራባ ፀጉር መሥራቱን ትታ የባነር ሥራ ልትማር አንቲ ፎሱዋ ሱቅ የገባችው አቧራማው ንፋስ የጋናዋን የባሕር ዳር ከተማ ሴኮንዲን በሸፈነበት ወቅት ነበር። ባሕሩ ከእይታ ጠፍቶ፣ ጀልባዎቹ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስሉ ነበር።

«ሥዕሉን እንደ አንድ ወረቀት አትዪው» አለቻት አንቲ ፎሱዋ ኮምፒውተሩን እያስነሳች። «መስታወት በመስታወት ላይ የተደረደረ ነው። ከታች ሰማዩ፣ ከላዩ ሰውየው፣ ከሰውየው በላይ ስሙ። እያንዳንዱ ሌየር ይባላል። አንዱን ስትነኪ ሌላው አይነካም።»

አራባ መጀመሪያ ሁሉንም አንድ ላይ ሠራችው። የአንድ ፓስተር ስም ተሳስታ ጽፋ ስትሰርዘው ግንባራቸው አብሮ ተሰረዘ።

«ግንባራቸውስ?» አለች አንቲ ፎሱዋ።

«ከስማቸው ጋር ሄደ።»

«እንግዲህ ያለ ግንባር ይስበኩ።»

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ነገር የራሱን ሌየር መክፈት ለመደች። ደስ የሚላት ግን ከየሌየሩ ጎን ያለችው ትንሽ ዓይን ነበረች። ዓይኗ ስትዘጋ ዘንባባው ይጠፋል፣ ስትከፈት ይመለሳል። አንዳንዴ ቤቱንም መንገዱንም ስትደብቅ አንዲት ሴት ብቻ ምንም ነገር ላይ ሳትረግጥ ቆማ ትቀራለች። አራባ ቀና ብላ በመስኮት ስታይ ውጭም እንደዚያው ነው፤ አንዲት ዓሣ ሻጭ ሳፋዋን ተሸክማ ከአቧራው ጉም ትወጣለች፣ ተመልሳ ጉሙ ውስጥ ትገባለች።

አንድ ከሰዓት ናና ኤጊር የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዓሣ አጥማጅ መጡ። ሚስታቸው ማንሳ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ለመታሰቢያዋ ባነር ይፈልጋሉ። ያላቸው ፎቶ አንድ ብቻ ነው። ሁለቱም ወጣት ሆነው ባሕር ዳር ቆመዋል፣ የእሳቸው እጅ ትከሻዋ ላይ ነው።

አንቲ ፎሱዋ ሥራውን ለአራባ ሰጠቻት። አራባ በማውሱ የጣቶቻቸውን ዳር ቀስ እያለች ተከትላ ባልየውን በአንድ ሌየር፣ ሚስትየዋን በሌላ አደረገች። እጃቸው የነበረበትን ቦታ ከወዲያኛው ትከሻዋ ልብስ ቀድታ ሞላችው። ናና ኤጊር አጠገቧ ተቀምጠው ያያሉ። በመጨረሻ የእሳቸውን ሌየር ዓይን ዘጋችው።

«የት ሄድኩ?» አሉ ሽማግሌው።

«እዚሁ ነዎት ናና። ደብቄዎት ነው።»

«ሞትኩ ማለት ነው?»

«ኧረ አይደለም። ይኸው፣ ስከፍተው ይመለሳሉ።»

«እስቲ ድገሚው።»

ዘጋችው፣ ከፈተችው። ደግመው አስዘጓት፣ ደግመው አስከፈቷት። ማንሳ ግን ሰውየው ቢኖርም ባይኖርም ያው ፈገግ እንዳለች ነበረች።

«አሁን ዝጊውና እንደዚሁ ይታተም» አሉ በመጨረሻ። «ግን እንዳታጠፊኝ ልጄ። ቀኔ ሲደርስ ትከፍቺዋለሽ።»

አራባ የሌየሩን ዓይን እንደገና ዘጋችው። አንቲ ፎሱዋ ከኋላዋ መጥታ «ሌየሮቹን ወደ አንድ ሳትደፈጥጪ አስቀምጪው» ብቻ አለቻት በለሆሳስ።

በማግስቱ ባነሩን ልትወስድ የመጣችው የሽማግሌው ትልቋ ልጅ ናት። ዘርግታ አይታ ፊቷን አጨማደደች።

«እናቴን ምነው ዳር አስያዛችኋት? ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ ለምንድነው? ጥቅስ ይግባበት እንጂ።»

«አባትሽን ጠይቂ» አለች አራባ።

ልጅየዋ እዚያው ደወለችላቸው። የሽማግሌው ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ለሁሉም ተሰማ። «ተዪው። እናትሽ ንፋስ ትወዳለች።»

በመታሰቢያው ቀን ባነሩ በሁለት የኮኮናት ዛፎች መካከል ተሰቀለ። ነጭና ጥቁር የለበሰው ሰው እንደ አገሩ ወግ ይበላል፣ ይጨፍራል። አራባም ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ምግብና የተጠበሰ ዓሣ ይዛ ዳር ተቀመጠች። ናና ኤጊር የላስቲክ ወንበራቸውን እየጎተቱ መጥተው ባዶው ቦታ ሥር አስቀመጡትና ተቀመጡ። ልጃቸው ወደ ድንኳኑ ብትጠራቸው እጃቸውን ወዝወዝ አድርገው መለሷት። ንፋሱ ባነሩን እየነፋ ጀርባቸውን ሲነካቸው አልተንቀሳቀሱም፤ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ይበሉ ነበር።