በዝግባው ምሰሶ ላይ ያለው ጭረት

አባቴ ቢሻው አናጢ ነበር። ከሺሺንዳ ከተማ ወጣ ብላ ያለችውን የካቶሊክ ጸሎት ቤት የሠራት እሱ ነው። ቄሱ አባ ወልደሥላሴ የፈለጉት ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ነበር፤ አባቴ ግን የሚያውቀው ክብ ቤት ብቻ ስለሆነ በቀርከሃ ዙሪያውን ማገረና መሐሉ ላይ የዝግባ ምሰሶ ተከለ። ጉዱ የታየው ሲያልቅ ነው። ምሰሶው መንበሩን ስለጋረደ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ቄሱን አያይም። ስለዚህ የሚያነብ ሁሉ ከምሰሶው ፊት ወጥቶ፣ እሱኑ ተደግፎ ማንበብ ልማድ ሆነ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቷ ተዘግታ የእህል መጋዘን ሆነች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ግዛቸው አባቴን ጠርቶ፣ "የሰቀልከውን መስቀል ራስህ አውርድ" አለው። አባቴ እምቢ አለ። ግዛቸው ክንዶቹን ወደ ኋላ አዙሮ በገዛ ምሰሶው ላይ በሰንሰለት አሰረው፤ ዐሥራ አንድ ቀን። በታገለ ቁጥር ሰንሰለቱ እንጨቱንም ሥጋውንም በላ። ምሳውን የማጎርሰው እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ መጥረቢያ ማንሣት አልቻለም፤ በዓመቱ ሞተ።

ደርግ ወደቀ፣ ጸሎት ቤቷም ተከፈተች። ግዛቸው ነጠላውን አጣፍቶ ፊት ወንበር ላይ ተገኘ። ብዙም ሳይቆይ የጸሎት ቤቷ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔም አንድም ቀን አልረሳሁም፤ አስተማሪ ነኝ፣ መጠበቅ እችልበታለሁ።

በ1995 ዓ.ም. ከቦንጋ ባህል ጽሕፈት ቤት የቅርስ መመዝገቢያ ቅጽ መጣ። ግዛቸው ይዞት ቤቴ ድረስ ዘለቀ።

"ይመኙሻል፣ ጽሕፈትሽ ቆንጆ ነው፤ አንቺ ሙይው። ጸሎት ቤቷን ከመፍረስ ያዳናት ማን እንደሆነ እንዳትረሺ።"

"እንዴት እረሳለሁ፣ ጋሽ ግዛቸው።"

"ምሰሶው ላይ ያለውን ጭረት ደግሞ ጌጥ ነው በያቸው።"

ቅጹን ለግዛቸው የሰጠሁት በሕዝብ ፊት ተነቦ በሚመዘገብበት በዓል ዕለት፣ ጸሎት ቤቷ በሰው ከሞላች በኋላ ነው።

"ስሜ ገባ?" አለኝ በጆሮዬ።

"ገብቷል። ከባለሙያዎቹ ጋር ነው ያሰፈርኩዎት።"

ደስ አለው። በሊቀመንበርነቱም ዘመን የተጻፈለትን በአደባባይ ማንበብ ነፍሱ ነበር። ምሰሶውን ተደግፎ መነጽሩን አደረገ።

"ግድግዳ። ከቀርከሃና ከጭቃ። የሠራው፣ የአካባቢው ሕዝብ። ምሰሶ። ከዝግባ። የሠራው፣ ቢሻው። በምሰሶው ላይ ዙሪያውን ያለ ጭረት። በሰንሰለት፣ በ1971 ዓ.ም.። የሠራው..."

ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ከቦንጋ የመጣው መዝጋቢ፣ አብዮት የሚባል ልጅ፣ ስለ ነገሩ ምንም ስለማያውቅ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና አለ።

"የሠራው ማን ነው፣ ጋሼ?"

"ጽሕፈቱ አይታየኝም" አለ ግዛቸው።

"መነጽርዎ ዓይንዎ ላይ ነው" አልኩት። ከምሰሶው ሊላቀቅ ሲል ብድግ አልኩ። "ሳይጨርሱ አይሄዱም። አባቴ እዚያው ላይ ዐሥራ አንድ ቀን ቆሟል።"

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። አንድም ሰው አልገላገለውም። እኔ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

"ግዛቸው" ብሎ አነበበ፣ ለራሱ እንኳ በማይበቃ ድምፅ።

"ከኋላ ላሉት አልደረሰም" አልኩ።

እንደገና አነበበው።