ከአልጋ ሥር የወጣው ቡት

ዕድሜውን የመብራት ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ የፈጀውን ሰው፣ ባልደረቦቹ ከቅጥነቱ የተነሣ «ሽቦ» ይሉት ነበር። ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ቢሮ ገባና የደንበኞች ስልክ ተቀባይ ሆነ። አሁን የሚጫማው የሚያብለጨልጭ የቆዳ ጫማ ነው። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው የድሮው የሥራ ቡት ግን ከአልጋው ሥር ንቅንቅ አላለም።

«ስልክ የምታነሣው በእግርህ ነው እንዴ?» ትለዋለች ሚስቱ፣ ቤት በጠረገች ቁጥር።

ሲነዘነዝ ከርሞ እሺ አለ። የሚስቱ ታናሽ ወንድም በቅርቡ የመስመር ሠራተኛ ሆኖ ስለነበር፣ ቡቱን ወልውሎ ሰጠው። ልክክ አለለት። ሽቦ ደስ አለው፤ ቡቱን ግን በዓይኑ ሸኘው።

በማግስቱ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ሳያባራ ነጋ። አንዲት እናት ቢሮ ደወሉለት።

«ልጄ፣ ቤቴ ፊት ለፊት ያለው ምሰሶ ይንጣጣል። ደጁ ውኃ ብቻ ነው፤ ካልሲዬ ሳይቀር ርሷል።»

«ቀድሞ ተደውሎልን ሠራተኞች ልከናል እናቴ፣ እንዳይጠጉት» አለ፤ ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለው።

ካልሲ። የእሱም ካልሲ እንዲሁ ርሶ ነበር፣ ያኔ ሚስማር የቡቱን ሶል በስቶት። በማስቲሽ ደፍኖ፣ ሌላ እስክቀይር ብሎ፣ ወዲያው ቢሮ ገባና ረሳው። ወደዚያ ምሰሶ የተላከው ደግሞ የአማቹ ቡድን ነው።

ደወለለት፤ አያነሣም። የቡድኑ ፎርማንም አያነሣም። ሽቦ ክው አለ። ያንን ጉልበቱን እየጎተተ በዝናብ ሮጠ፤ ሰፈሩ ቅርብ ነው፣ መንገዱ ግን አላልቅ አለው።

ሲደርስ አማቹ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ሽቦዎቹ አጠገብ ነው። ሊጮኽ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። የደነገጠ ሰው የያዘውን ይለቃል። ነፍሱ አፍንጫው ላይ ደርሳ፣ ፎርማኑን ክንዱን ያዘው።

«መብራቱ ተቋርጧል?»

«የታችኛው መስመር ተቋርጧል። የላዩ እንዳለ ነው። ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ?»

«ቡቱ ቀዳዳ ነው። በቀስታ አውርደው።»

ፎርማኑ ሌላ አልጠየቀም። ቀና ብሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ና እስቲ ውረድ፣ ሻይ እንጠጣ» አለ።

«አሁን ከመውጣቴ?»

«ና አልኩህ። ምንም ነገር ሳትነካ ና።»

አማቹ እያጉረመረመ ወረደ። እግሩ መሬት እስኪነካ ሽቦ አልተነፈሰም። ከዚያ ተንበርክኮ ቡቱን ከአማቹ እግር አወለቀና ሶሉን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ውኃ ቡልቅ አለ። ማስቲሹ ተልጧል።

ወጣቱ ቀዳዳውን አየ፣ ሽቦዎቹን አየ፣ ጭቃው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ሽቦም አጠገቡ ተቀመጠ። ቆሻሻ ላይ አግኝቶ የሚጫማው እንዳይኖር፣ በፎርማኑ ቢላ ሁለቱንም ቡቶች ተለተላቸው።

«ጋሼ» አለ አማቹ፣ «ለእህቴ አትነግራትም አይደል?»

«ምን ብዬ ልንገራት፣ ቀዳዳ ቡት ሰጠሁት ብዬ?» አለ ሽቦ።